የእንግሊዝኛ የልጆች መዝሙሮችን ጨለማ አመጣጥ መርምሮ መጽሐፍ መጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከእንግሊዝኛ የልጆች መዝሙሮች ጀርባ ወረርሽኝ፣ ግድያና ስቅላት ተደብቋል ሲባል ያልሰማ ጥቂት ነው። ይህን መርምረው መጽሐፍ ለመጻፍ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል። ለየት ብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሪንግ ኤ ሪንግ ኦ ሮዝስ» በእርግጥ ስለ ወረርሽኝ የተዘፈነ ነው?

አይደለም። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ስለሆነ በደንብ መታየት አለበት።

የሚነገረው እንዲህ ነው፦ በመዝሙሩ ውስጥ ያለው ጽጌረዳ በበሽተኛው ቆዳ ላይ የሚወጣው ቀይ ምልክት ነው፤ በኪስ የተያዘው አበባ መጥፎውን አየር ለመከላከል ነው፤ ማስነጠሱ የሕመሙ ምልክት ነው፤ «ሁላችንም ወደቅን» ደግሞ ሞት ነው። አሁን ቀኖቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ታላቁ የለንደን ወረርሽኝ የገባው በ1665 ነው። የመዝሙሩ ቃላት በእንግሊዝ ታትመው የወጡት በ1881፣ በኬት ግሪንአዌይ ሥዕላዊ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በመካከሉ 216 ዓመት አለ። በወረርሽኙ ወራት በለንደን ተቀምጦ የየዕለት ማስታወሻ የጻፈው ሳሙኤል ፒፕስ መዝሙሩን አያነሳውም። በ1722 ስለዚያው ዓመት አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈው ዳንኤል ዲፎም አያውቀውም።

ምልክቶቹም አይገጥሙም። ያ በሽታ የሚታወቀው በብሽሽትና በብብት በሚወጣ እብጠት ነው እንጂ በማስነጠስ አይደለም። ከቆዩት የመዝሙሩ ቅጂዎች ብዙዎቹ ማስነጠስ የሚባል ነገር ጭራሽ የላቸውም። ዊሊያም ዌልስ ኒውዌል በ1883 ከአሜሪካ ልጆች ሰብስቦ ባሳተመው ውስጥ እንዲያውም ጨዋታው የፍቅር ነው፦ በመጨረሻ ዝቅ ያለችው ልጅ ከሁሉ የምትወደውን ሰው ስም ትናገራለች። የወረርሽኙ ማብራሪያ በሰፊው መነገር የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ስለዚህ መዝሙሩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጨዋታ ሆኖ ሳለ ማብራሪያው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው።

ጨለማው ታሪክ ሁሉ ፈጠራ ከሆነ ታዲያ ምን ልጽፍ ነው?

ሁሉም ፈጠራ አይደለም፤ ወደ እውነተኞቹ ከታች እንመለሳለን። ግን ፈጠራ የሆነውም ቢሆን ጥሩ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ማብራሪያው ራሱ ታሪክ አለውና። ማን ፈጠረው? በየትኛው ዓመት? ለምን ያ ዘመን ተቀበለው? ለምሳሌ በ1834 ጆን ቤለንደን ኬር የሚባል ሰው የእንግሊዝኛ የልጆች ግጥሞች የተበላሹ የጥንት ደች ቋንቋ ስድቦች ናቸው ብሎ መጽሐፍ አሳተመ፤ ያንን «ጥንታዊ ደች» የፈጠረው ግን እሱ ራሱ ነበር። በ1930 ደግሞ ካትሪን ኤልዌስ ቶማስ እያንዳንዱን የመዝሙር ገጸ ባሕርይ ከአንድ ንጉሥ ወይም ካርዲናል ጋር አጣመረች። ዛሬ በየቦታው የሚነበቡት «ሜሪ ማለት ንግሥቲቱ ናት» ዓይነት ትርጓሜዎች ብዙዎቹ የእሷ ልጅ ልጆች ናቸው።

አንባቢ ጨለማውን ፈልጎ መጽሐፉን ይገዛል። እርስዎ ጨለማውን በሚገባ ይነግሩታል፤ ከዚያ ከየት እንደመጣ ያሳዩታል። ሁለቱንም ካገኘ አይከፋም።

ለእነዚህ ትርጓሜዎች እኛ ለምን ቶሎ እንማረካለን?

አማርኛ አንባቢ በሰምና ወርቅ ያደገ ነው። ከላይ የሚሰማው ሰም፣ ከሥር ያለው ወርቅ መሆኑን ስለለመድን «ይህ የልጆች ዘፈን ውስጡ ሌላ ነው» ሲባል ጆሯችን ወዲያው ይቆማል። ግን ልዩነቱን ያስተውሉ፦ ቅኔ ሲፈታ ኅብሩ ይታያል። ሁለቱን ትርጉም የሚሸከመው ቃል እዚያው ስንኙ ውስጥ አለ፤ ጣት ይጠቆምበታል። «ባ ባ ብላክ ሺፕ» (የጥቁሩ በግ መዝሙር) በ1275 ስለተጣለ የሱፍ ቀረጥ ነው ሲባል ግን ኅብሩ የት አለ? ግጥሙ ውስጥ ንጉሥም፣ ቀረጥም፣ ሹምም የለም። ሦስት ከረጢት ሱፍና ሦስት ተቀባዮች ብቻ ናቸው ያሉት። የግጥሙ የመጀመሪያ ሕትመት በ1744 አካባቢ ስለሆነ በመካከሉ ከ450 ዓመት በላይ ባዶ ነው።

ማንኛውም ትርጓሜ ሲቀርብልዎት «ኅብሩን አሳየኝ» ይበሉ። ብዙዎቹ እዚያው ላይ ይቆማሉ።

ምርምሩን ከየት ልጀምር?

ከአንድ መዝሙር ይጀምሩ፤ ከሠላሳ አይጀምሩ። በአንዱ ላይ አሠራሩን ካልለመዱ ሠላሳው ይደባለቅብዎታል።

መጀመሪያ የራውድ ቁጥሩን ይያዙ። በስቲቭ ራውድ የተሰናዳው የሕዝብ ዘፈኖች ማውጫ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ቃላቱና ርእሱ ቢለያዩም ቁጥሩ አይለወጥም። «ሪንግ ኤ ሪንግ ኦ ሮዝስ» 7925 ነው፣ «ለንደን ብሪጅ» 502፣ «ሃምፕቲ ዳምፕቲ» 13026። ማውጫው ለንደን ሴሲል ሻርፕ ሃውስ ውስጥ ባለው የቮን ዊሊያምስ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይፈለጋል።

ቀጥሎ አዮናና ፒተር ኦፒ በ1951 በኦክስፎርድ ያሳተሙትን የልጆች መዝሙሮች መዝገበ ቃላት ይክፈቱ። ከ500 በላይ መዝሙሮች ከነመጀመሪያ ሕትመታቸው ተዘርዝረዋል። እዚያ ግን አይቁሙ። እነሱ ከጠቀሱት ወደኋላ ሄደው ዋናውን መጽሐፍ በዓይንዎ ይዩት። የጄምስ ኦርቻርድ ሃሊዌል የ1842 ስብስብ፣ የጆሴፍ ሪትሰን የ1784ቱ ስብስብና የመሳሰሉት በኢንተርኔት አርካይቭና በሃቲትረስት ድረ ገጾች ላይ ሙሉ ገጻቸው ተነሥቶ ይገኛሉ። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ቢቀመጡ ይህን ያህሉን ከቤትዎ ሳይወጡ ይሠሩታል።

ሦስተኛው ሥራ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ የመዝሙሩን ቀን እንዳገኙ ሁሉ የማብራሪያውን ቀን ለብቻው ይፈልጉ። በጎግል ቡክስ የመዝሙሩን አንድ ስንኝና «ወረርሽኝ» ወይም «መድፍ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ላይ ይጻፉና የዓመቱን ገደብ እያጠበቡ ይሂዱ፤ መጀመሪያ እስከ 1900፣ ከዚያ እስከ 1930፣ ከዚያ እስከ 1950። ማብራሪያው መታየት የሚጀምርበት ዓመት ከሁሉ የሚበልጥ ግኝትዎ ነው።

ያገኘሁትን እንዴት ልመዝግብ?

የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የራውድ ቁጥር፤ የቆየው ቅጂ ቃል በቃል፤ የታተመበት ዓመት፣ ከተማና አሳታሚ፤ መጽሐፉ አሁን የሚገኝበት ቤተ መጻሕፍት፤ የሚባለው ድርጊት ዓመት፤ ማብራሪያው መጀመሪያ የታየበት ዓመትና ጸሐፊ፤ ገጽ፤ ያዩበት ቀን፤ ደረጃ።

ለደረጃው ሦስት ፊደል በቂ ነው። «ሀ» በድርጊቱ ዘመን የተጻፈ ማስረጃ ያለው። «ለ» ቀኑ የሚፈቅድ፣ ማስረጃ ግን የሌለው። «ሐ» ቀኑ የማይፈቅድ፣ ወይም በድርጊቱና በመጀመሪያው ሕትመት መካከል ከ100 ዓመት በላይ ባዶ ያለበት። «ጃክ ኤንድ ጂል» የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛና ንግሥቲቱ ናቸው የሚለው በግልጽ «ሐ» ነው፤ ንጉሡና ንግሥቲቱ የተሰየፉት በ1793 ሲሆን ግጥሙ ከዚያ በፊት ታትሟል።

ቃል በቃል የሚለውን አጥብቀው ይያዙት። ብዙ ስህተት የሚመጣው የዛሬውን ቅጂ ይዞ ስለ ጥንቱ ከመናገር ነው። «ኦሬንጅስ ኤንድ ሌመንስ» መጨረሻው ላይ ሻማ ይዞ ወደ መኝታ የሚመጣና ራስ የሚቆርጥ አለ። ብዙዎች ይህን ከኒውጌት እስር ቤት ጋር ያያይዙታል። እውነት ነው፣ በ1605 ሮበርት ዳው የሚባል ነጋዴ ለቅዱስ ሰፐልከር ቤተ ክርስቲያን 50 ፓውንድ ሰጥቶ በኒውጌት ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ክፍል ደጃፍ ላይ ሌሊት የእጅ ደወል እንዲደወል አድርጓል፤ ደወሉም ዛሬ ድረስ በዚያው ቤተ ክርስቲያን አለ። የሚያሳዝነው የ1744 አካባቢው ቅጂ ሻማውም ቆራጩም የሉትም። የደወሎች ግጥም ብቻ ነው። ጨለማው ስንኝ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ምናልባትም ልጆቹ በክንዳቸው ቅስት ሠርተው በሥሩ የሚያልፈውን ለሚይዙበት ጨዋታ።

ፍለጋው ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች የትኞቹ ናቸው?

አራት ቦታ ላይ ሰው ይወድቃል።

የመጀመሪያው የድሮው ረጅም ኤስ ነው። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታተሙ መጻሕፍት ኤስን ኤፍ በሚመስል ቅርጽ ያትሙት ነበር። ኮምፒዩተሩ ገጹን ሲያነብ «ሲክስፐንስ»ን «ፊክስፐንስ» ያደርገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ያካሂዱ፤ አንዴ በኤስ፣ አንዴ በኤፍ። ካላደረጉ «ከ1800 በፊት አልተገኘም» ብለው ይጽፋሉ፤ መጽሐፉ ግን እዚያው ነበር።

ሁለተኛው የጎግል ቡክስ ዓመት ነው። ለብዙ ዓመታት የወጣ መጽሔት ሁሉም ቅጹ በመጀመሪያው ዓመት ሊመዘገብ ይችላል። 1820 የሚል አይተው ደስ ሳይልዎት በፊት የርእስ ገጹን ራሱን ይክፈቱ።

ሦስተኛው ለእኛ ሰው ለመረዳት አይከብድም። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ በሕግ አዲስ ዓመቷን የምትቀበለው በማርች 25 ነበር። ፌብሩዋሪ 1743 የሚል የለንደን ጋዜጣ ካገኙ በዛሬው ቁጥር 1744 ነው። ስኮትላንድ ግን ከ1600 ጀምሮ ወደ ጃንዋሪ 1 ዞራ ነበር፤ ስለዚህ የኤድንብራና የለንደን ወረቀት በአንድ ቀን የተለያየ ዓመት ሊይዙ ይችላሉ። በሁለት አቆጣጠር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ከማንም በተሻለ ይጠነቀቃል። ሠንጠረዡ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉ፤ 1743/44 ተብሎ።

አራተኛው ትርጉም ነው። «ለንደን ብሪጅ» በ1014 ገደማ ኖርዌጂያዊው ኦላፍ ድልድዩን ከማፍረሱ የመጣ ነው ሲባል የሚጠቀሰው ሳሙኤል ላንግ በ1844 ከኖርስ (ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ) ዜና መዋዕል የተረጎመው ስንኝ ነው። ስንኙ የልጆቹን መዝሙር ቁጭ ይመስላል፤ ምክንያቱም ላንግ ሲተረጉም በልጅነቱ የሚያውቀውን መዝሙር ቃል ተጠቅሟል። ዋናውን የኖርስ ግጥም ያዩ ሰዎች ያ አዝማች እዚያ እንደሌለ አሳይተዋል። አንድ ተርጓሚ በአንድ ስንኝ 800 ዓመት ጨመረለት።

ሃምፕቲ ዳምፕቲ መድፍ ነበር የሚባለውስ?

ሃምፕቲ ዳምፕቲ እንቆቅልሽ ነው። «ምን አውቅልሽ» ተብሎ የሚመለስ ዓይነት፦ ከግንብ ላይ ወደቀ፣ የንጉሥ ሠራዊት ሁሉ ሊጠግነው አልቻለም፣ ምንድን ነው? እንቁላል። ግጥሙን ደግመው ያንብቡት፤ እንቁላል የሚል ቃል የለውም። መልሱ በሥዕል ሲወጣ እንቆቅልሽነቱ ጠፋ፤ ሰውም «ታዲያ ይህ እንቁላል ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

የቆየው የታተመ ቅጂ በ1797 በሳሙኤል አርኖልድ የወጣው ነው። በዚያ ላይ የንጉሡ ፈረሶችም ሰዎችም የሉም፤ ሰማንያ ሰዎችና ሌላ ሰማንያ ናቸው ያሉት። ጦርነቱን ያመጡት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። በ1956 ዴቪድ ዳውብ በኦክስፎርድ መጽሔት ላይ ሃምፕቲ በ1643 በግሎስተር ከበባ የተሠራ የጦር መሣሪያ ነበር የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሌላው ወግ በ1648 በኮልቼስተር ከበባ ከቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ የወደቀ መድፍ ነው ይላል፤ ለዚህ የሚቀርቡት ተጨማሪ ስንኞች የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቋንቋ የላቸውም። ሁለቱ ወጎች መሣሪያውን በሁለት የተለያዩ ከተሞች ማስቀመጣቸው ብቻውን ሊያስጠነቅቅዎት ይገባል።

በእርግጥ ጨለማ ታሪክ ያላቸው አሉ?

አሉ። እነሱን ከመጽሐፉ መሐል ቢያስቀምጧቸው ሚዛኑን ይጠብቁልዎታል።

በኖቬምበር 5 የሚባለው ግጥም በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት የተደረገው ሴራ ነው፤ ግጥሙ ራሱ ይናገረዋል። በመዝሙር ስሟ የሚነሣው ኤልሲ ማርሊ በሰሜን እንግሊዝ ደርሃም አካባቢ የመጠጥ ቤት ባለቤት ሚስት የነበረች እውነተኛ ሴት ናት፤ በ1768 ውኃ ውስጥ ሞተች። ሴት ልጆች ገመድ እየዘለሉ የሚሉት የሊዚ ቦርደን ግጥም ደግሞ ኦገስት 4 ቀን 1892 በፎል ሪቨር፣ ማሳቹሴትስ በመጥረቢያ የተገደሉትን አባቷንና የእንጀራ እናቷን ይመለከታል።

ይህ የመጨረሻው ለምርምር ትምህርት ቤት ነው። ግጥሙ ለእናት 40፣ ለአባት 41 ምት ይቆጥራል። በፍርድ ቤት የተሰማው ግን በእንጀራ እናቷ ላይ 19 ገደማ፣ በአባቷ ላይ 11 ገደማ ነው። ግጥሙ ሊዚ ገደለች ይላል፤ በጁን 1893 ግን ዳኞች ነፃ አወጧት። ድርጊቱ፣ ቀኑና ቦታው ተመዝግቦ፣ ሰነዱ ሞልቶ እንኳን ግጥም እንዲህ ያጋንናል። ሰነድ በሌለበት ደግሞ ግጥምን እንደ ምስክር ማቆም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ቀኑ ሲገጥምስ አበቃ?

አላበቃም። «ሁ ኪልድ ኮክ ሮቢን» (በቀስት የተገደለውን ሮቢን የተባለ ወፍ ማን ገደለው የሚለው ግጥም) በ1744 አካባቢ ታትሟል። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ዋልፖል በ1742 ሥልጣን ለቋል፤ ሮቢን የሮበርት ማቆላመጫ ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ልዩነት! ግን በግሎስተርሻየር፣ በክላንድ በሚባል ቦታ ባለ የቄስ ቤት ውስጥ በቀስት የተወጋ ወፍ የሚያሳይ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ቀለም መስኮት አለ። ስለዚህ ታሪኩ ከዋልፖል በፊት የነበረ፣ ለፖለቲካው እንደገና የተነሣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን «ለ» ይስጡትና ሁለቱንም ማስረጃ ለአንባቢ ያቅርቡ።

ይህን ለመሥራት የታሪክ ወይም የፎክሎር ዲግሪ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። ዘርፉን የመሠረቱት ኦፒዎች የዩኒቨርሲቲ መምህራን አልነበሩም። በ1944 በእርሻ ዳር ሲሄዱ አንዲት ጥንዚዛ ጣታቸው ላይ አርፋ «ቤትሽ ተቃጥሏል፣ ልጆችሽ ጠፍተዋል» የሚለውን የልጆች ግጥም አሉላት፤ ከበረረች በኋላ ግጥሙ ከየት እንደመጣ ስላላወቁ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። መጽሐፉ የወጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የሰበሰቧቸው 20,000 ያህል የልጆች መጻሕፍትና ወረቀቶች በ1988 ወደ ኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገቡ።

ዲግሪ የሚተካው ገጹን በዓይን ማየት ነው። ያላዩትን «አይቻለሁ» ብለው አይጻፉ፤ ከሌላ መጽሐፍ የወሰዱትን ከዚያ መጽሐፍ እንደወሰዱት ይናገሩ።

ስንት መዝሙር፣ ስንት ገጽ?

ለመጀመሪያ መጽሐፍ ከ25 እስከ 30 መዝሙር ይበቃል። ከ40 ሲያልፍ እያንዳንዱ ሁለት አንቀጽ ብቻ ይደርሰውና ኢንተርኔት ላይ ካለው ዝርዝር አይለይም። በእንግሊዝኛ ለአንድ መዝሙር 2,000 ቃል ቢመድቡ ጠቅላላው 60,000 ይደርሳል። በአማርኛ ከጻፉ ቁጥሩ በግምት አንድ ሦስተኛ ያንሳል፤ መስተዋድዱም ተውላጠ ስሙም ከቃሉ ጋር ስለሚጣበቅ ነው። ለአንድ መዝሙር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይመድቡ። አንዳንዱ ወር ይወስዳል።

ማስረጃ የሌለውን ነገር እንዴት ነው የምጽፈው? «ይባላል» ማለት ይበቃል?

አይበቃም። «ይባላል» ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው ይደብቃል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያነጻጽሩ።

«‘ስሪ ብላይንድ ማይስ’ ንግሥት ሜሪ ስላቃጠለቻቸው ሦስት ጳጳሳት እንደሆነ ይባላል።»

«ሦስቱ ዓይነ ስውር አይጦች በ1555 እና በ1556 በኦክስፎርድ የተቃጠሉት ላቲመር፣ ሪድሊና ክራንመር ናቸው የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ቶማስ ራቨንስክሮፍት በ1609 ባሳተመው የመጀመሪያ ቅጂ ውስጥ ጳጳስም፣ እሳትም፣ ንግሥትም የለም።»

ሁለተኛው ይረዝማል፤ ግን አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። ጨለማውን ታሪክ ከማፍረስዎ በፊት ሙሉውን፣ በሚያምር አነጋገር ይንገሩት። በችኮላ ተናግረው በችኮላ ካፈረሱት አንባቢ የተታለለ ይመስለዋል።

የቅጂ መብት ጉዳይ እንዴት ነው?

መዝሙሮቹ ራሳቸው የማንም አይደሉም። ጥንቃቄ የሚፈልገው የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ነው። በእንግሊዝ የደራሲ መብት ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ ሁለት ደራሲ ካለ የሚቆጠረው ከኋለኛው ሞት ነው። ፒተር ኦፒ በ1982፣ አዮና በ2017 ስላረፉ ጽሑፋቸው እስከ 2087 መጨረሻ የተጠበቀ ነው። እውነታውን በራስዎ ቋንቋ መጻፍ ይችላሉ፤ አንቀጻቸውን መገልበጥ አይችሉም። የግሪንአዌይ ሥዕሎች ነፃ ናቸው፤ በ1901 ሞታለች። ይሁንና ቤተ መጻሕፍት ያነሣውን ፎቶ ሲወስዱ ቤተ መጻሕፍቱ የራሱ ውል ሊኖረው ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) ጥበቃውን ለደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት አድርጎታል፤ መጽሐፉ ውጭም የሚሸጥ ከሆነ ግን ረጅሙን ጊዜ ይከተሉ።

መዝሙሮቹን ወደ አማርኛ ስመልስ ምን ልጠንቀቅ?

አማርኛ ግሡ ጾታና ቁጥር ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ጥቁሩን በግ «አንተ» ይሉታል ወይስ «አንቺ»? የጽጌረዳው መዝሙር መጨረሻ «ወደቅን» ነው ወይስ «ወደቁ»? በኪስ የተያዘውን «የአበባ እቅፍ» ካሉት ጨዋታ ይሆናል፤ «መድኃኒት» ካሉት ግን ወረርሽኙን እርስዎ አስገቡት ማለት ነው። ላንግ የሠራውን ስህተት መድገም እንዲህ ቀላል ነው።

መፍትሔው ሁለት ትርጉም ማቅረብ ነው። መጀመሪያ ቃል በቃል፣ ዜማ ሳይፈልጉ፤ ማስረጃ ሲመዝኑ በእሱ ብቻ ይሥሩ። ቀጥሎ ቤት የሚመታ፣ ለጆሮ የሚስማማ ግጥም፤ ይህኛው ለደስታ ነው።

አሳታሚ እንዴት ላግኝ?

በእንግሊዝ ኢ-ልቦለድ መጽሐፍ አልቆ አይጠበቅም፤ በዕቅድ ይሸጣል። ዕቅዱ የመጽሐፉን ሐሳብ በሁለት ገጽ፣ የምዕራፎቹን ዝርዝር እያንዳንዳቸው ከ150 እስከ 200 ቃል፣ ተመሳሳይ መጻሕፍት ምን እንደጎደላቸው፣ እና ሁለት ያለቁ ምዕራፎችን ይይዛል። ከናሙናዎቹ አንዱ የፈረሰ ታሪክ፣ ሌላው እውነተኛ ይሁን። የደራሲ ወኪል ከአገር ውስጥ ገቢዎ በተለምዶ 15 በመቶ ይወስዳል። አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ወኪል ካጋጠመዎት ይተዉት። በራስዎ ቢያሳትሙም አንድ ቅጂ ከወጣ በአንድ ወር ውስጥ ለብሪቲሽ ላይብረሪ ማስገባት ሕግ ነው።

በአማርኛ ሲሆን ብዙ ጊዜ የማተሚያውን ወጪ የሚሸፍነው ደራሲው ነው፤ ከዚያ ለአከፋፋይ በኮሚሽን ይሰጣል። ከማተሚያ ቤቱ የ500ና የ1,000 ቅጂ ዋጋ ለየብቻ ይጠይቁ። የዝግጅቱ ወጪ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ የአንዱ ቅጂ ዋጋ በ1,000ው ይረክሳል፤ ሆኖም ያልተሸጠ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ሲከመር ርካሽነቱ አይሰማም። ባለ ቀለም ሥዕል ዋጋውን ስለሚያንረው ሥዕሎቹን በአንድ የ16 ገጽ ክፍል ይሰብስቧቸው።

በዚሁ ዘዴ የአማርኛ የልጆች ጨዋታዎችን መመርመር ይቻላል?

ይቻላል፤ አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። የእንግሊዝኛው ከ1744 ጀምሮ ለልጆች የታተመ መጽሐፍ አለው፤ እሹሩሩና እቴሜቴ የኖሩት በአፍ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሕትመት ቀን መፈለግ ብዙ አያራምድም። በምትኩ በድምፅ መቅዳት ይሻላል፦ ማን አለው፣ የየት አገር ሰው ነው፣ ከማን ተማረው፣ በስንት ዓመቱ። አንድን ጨዋታ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ ቀድተው ቃላቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ የማይለወጠው ስንኝ ይለያል። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች የሚሉትንም ይቅዱ፤ ወላጆቻቸው ከአገር የወጡበት ዘመን ቅጂ ሳይለወጥ ሊቆይባቸው ይችላልና። የታተመውን ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና በወመዘክር ይፈልጉ።

«ይህ ጨዋታ ስለ እገሌ ንጉሥ ነው» የሚል አዛውንት ካገኙ ቃላቸውን እንዳለ ይቅዱት፤ የማብራሪያው የመጀመሪያ ምስክር እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ምስክርነቱ ስለ ማብራሪያው ነው እንጂ ስለ ንጉሡ አይደለም።

ልጆቼ እነዚህን መዝሙሮች መዘመር ይቅርባቸው?

ይዘምሩ። ቃላቱ ላይ የሌለ ነገር ልጅ አይሰማም።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ከእኔ የቀደመ ቅጂ ቢያገኝስ?

ይሆናል፤ በየዓመቱ አዳዲስ የቆዩ ጋዜጦች በኮምፒዩተር እየተነበቡ ነው። ለዚህ ሲባል «የመጀመሪያው ነው» ብለው አይጻፉ፤ «እስካሁን ከተገኙት የቀደመው» ይበሉ። የደረሰዎትን ማስረጃ ገጹን ራስዎ አይተው ካረጋገጡ በሠንጠረዡ ላይ አዲስ መስመር ይክፈቱለት፤ የድሮውን አይሰርዙ። ከዚያ ደረጃውን እንደገና ይመዝኑ። ቀኑ አሥር ዓመት ወደኋላ ቢሄድ «ሐ» የነበረው ብዙውን ጊዜ «ሐ» ሆኖ ይቀራል። ክፍተቱን ከ100 ዓመት በታች ካወረደው ግን ምዕራፉ በሁለተኛው እትም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንደገና ይጻፋል፤ ያገኘውም ሰው ፈቃዱ ከሆነ ስሙ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ይጠቀሳል።